የይስሙላ ሄልሜት

በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሄልሜቶችን እናስብ። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፤ ሁለቱም ያብረቀርቃሉ፤ ሁለቱም ከአገጭ ሥር የሚቆለፍ ማሰሪያ አላቸው። አንደኛው ቀጠንና ቀለል ያለ ነው፤ ራስ ላይ ልክክ ብሎ ይቀመጣል፤ መልኩም የድሮ ወታደር ቆብን የሚያስታውስ ቄንጠኛ ነው። ሌላው ወፈርና ከበድ ያለ ነው፤ ሲያደርጉት ጭንቅላትን ዱባ ያስመስላል። ዋጋ ሲጠየቅ ደግሞ ቄንጠኛው ረከስ ይላል። ገዢው ቄንጠኛውን ቢመርጥ ማን ይፈርድበታል? አይከብድ፣ አያሞቅ፣ ከቅጣት ያድናል፣ ያምራል። የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፤ እሱም ከውጭ አይታይም። ወፍራሙ ሄልሜት በቅርፊቱና በራስ ቅል መካከል ሁለት ጣት የሚሆን፣ ሲመታ ተጨፍልቆ የሚቀር ፎም ይዟል። በቀጭኑ ውስጥ ያለው ስስ ስፖንጅ ወይም ጨርቅ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ የሚጀምረው ከዚህች ፎም ነው።

አሜሪካኖች ቀጭኑን ዓይነት «ኖቨልቲ» ሄልሜት ይሉታል፤ ለጌጥና ለጨዋታ የተሠራ ዕቃ ለማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ግን «የይስሙላ» ከሚለው የተሻለ ስም የሚገኝለት አይመስለኝም፤ አለ ለመባል ብቻ ያለ ነገር ነውና። ብዙዎቹ ሻጮች «ይህ ለጌጥ እንጂ ለመንገድ የተሠራ አይደለም» የሚል ወረቀት ለጥፈውበት ይሸጡታል። ሻጩም ገዢውም የት እንደሚደረግ አሳምረው ያውቃሉ፤ ወረቀቷ የምታገለግለው ከሕግ ለማምለጥ ነው። የዚህ ዕቃ ገበያ እንዴት እንደተፈጠረ ለመረዳት የአሜሪካን የሄልሜት ሕግ ታሪክ በአጭሩ ማየት ይበቃል። ከ1966ቱ (እ.ኤ.አ.) የአውራ ጎዳና ደኅንነት ሕግ በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት የመንገድ ገንዘብ ለማግኘት የሄልሜት ሕግ ማውጣትን ግዴታ ስላደረገ፣ በ1975 ከሦስት ግዛቶች በቀር ሁሉም ሞተረኞችን በሙሉ የሚያስገድድ ሕግ ነበራቸው። በ1976 ምክር ቤቱ ማስገደጃውን አነሳ፤ ግዛቶቹም ተራ በተራ ሕጋቸውን አላሉ። ዛሬ ኢሊኖይ፣ አዮዋና ኒው ሃምፕሻየር ምንም ዓይነት ሕግ የላቸውም፤ ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ1992 ጀምሮ ማንኛውንም ሞተረኛ ታስገድዳለች። ራሱን መሸፈን የማይፈልግ ሞተረኛ እንዲህ ባለ ግዛት ሲነዳ የሚሻው አንድ ነገር ነው፦ ለፖሊስ ሄልሜት የሚመስል፣ ለራሱ ግን ቆብ የሆነ ዕቃ። ገበያውም ይህንኑ አቀረበለት።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ከዚህ ይነሣል። ሕግ ጭንቅላት ላይ የተቀመጠውን ብቻ ሲቆጥር፣ ገበያ ጭንቅላት ላይ የሚቀመጥ ነገር ያመጣል። ሄልሜት ዋጋ የሚኖረው በሚሠራው ሥራ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ክፍል ደግሞ በዓይን አይታይም፤ ልፈትነው የሚል ሰውም ሲፈትነው ይሰብረዋል። ስለዚህ ለተራው ገዢ የደረጃ ምልክት ከጌጥና ከወረቀት ጣጣ በላይ ነው፤ ራሱ ሊያደርገው የማይችለውን ፈተና ሌላ አካል አድርጎለት እንደሆነ የሚያውቅበት ብቸኛ መንገድ ነው።

ሰው ይህን የተረዳው በብዙ ሕይወት ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 «የዓረቢያው ሎሬንስ» በመባል የሚታወቀው እንግሊዛዊ ቲ. ኢ. ሎሬንስ በብስክሌት ይሄዱ የነበሩ ሁለት ልጆችን ለማዳን ሲታጠፍ ከሞተሩ ወድቆ ጭንቅላቱ ተመታ፤ ራሱን እንደሳተ ቆይቶ በስድስተኛው ቀን ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች መካከል ሂዩ ኬርንስ የተባለ አውስትራሊያዊ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ነበር። ኬርንስ ከዚያ በኋላ በጦርነቱ ዘመን መልእክት የሚያመላልሱ ሞተረኛ ወታደሮችን ጉዳት አጠና፤ በ1941ም ሄልሜት የሞትንና የከባድ ጉዳትን ቁጥር እንደሚቀንስ የሚያሳይ ጽሑፍ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት አሳተመ። የብሪታንያ ጦር በዚያው ዓመት ሞተረኞቹን ሄልሜት አስገደደ፤ ሲቪሉ ሞተረኛ ግን እስከ 1973 ጠበቀ። የዚያ ዘመን ሄልሜት በጠንካራ ቅርፊት የሚመካ ነበር። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1953 የደቡባዊ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ቻርልስ ሎምባርድ በፓተንት ባስመዘገበው ሐሳብ ነው፤ ከቅርፊቱ ሥር የምቱን ኃይል እየተጨፈለቀ የሚውጥ ንጣፍ ይኑር የሚል። ከዚያ ወዲህ ሄልሜት የሚያድነው በመጠንከሩ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ከሥሩ በቦታው የሚደቅ ነገር ያስፈልገዋል።

ለምን መድቀቅ እንዳለበት ለመረዳት የራስ ቅልን ውስጥ ማሰብ ይጠይቃል። አንጎል በፈሳሽ ተከብቦ በአጥንት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ለስላሳ አካል ነው። ጭንቅላት ከአስፋልት ጋር ሲገናኝ አጥንቱ በቅጽበት ይቆማል፤ አንጎል ግን ጉዞውን ይቀጥልና ከአጥንቱ ጋር ይላተማል። ጉዳቱን የሚወስነው እንግዲህ ጭንቅላት ለመቆም ያገኘው ርቀት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ከ1.83 ሜትር፣ ማለትም ከአንድ ረጅም ሰው ቁመት ላይ የወደቀ ነገር መሬት ሲደርስ በሴኮንድ 6 ሜትር፣ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይህን ፍጥነት በ2 ሚሊ ሜትር ውስጥ ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይል ከመሬት ስበት 900 እጥፍ ይበልጣል። ያንኑ ፍጥነት በ2.5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ብናቆመው ግን ከ75 እጥፍ በታች ይወርዳል። እውነተኛ ፎም እስከ መጨረሻው ተጠፍጥፎ ስለማይደቅና ፍጥነቱን እኩል ስለማይቀንስ በተግባር የሚመዘገበው ቁጥር ከፍ ይላል፤ የሁለቱ ርቀት ግን የሰማይና የምድር ነው። የይስሙላ ሄልሜት ውስጥ ያለው ስፖንጅ ደግሞ በጣት ሲጫኑት እንኳ ተጣብቆ ከቅርፊቱ ጋር ይገናኛል፤ በመውደቅ ጊዜማ እንደሌለ ይቆጠራል። የእውነተኛው ሄልሜት ፎም አዲስ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ ከምናገኘው ነጭ ፖሊስታይሪን ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው። በጣት ሲጫኑት አይበገርም፤ በኃይል ሲመታ ግን ይደቃል፤ ከደቀቀም በኋላ ወደ ቦታው አይመለስም። ስፖንጅ ኃይሉን ተቀብሎ መልሶ ይወረውረዋል፤ ይህ ግን ውጦት ይቀራል።

የአሜሪካው የደኅንነት ደረጃ ቁጥር 218 ከ1974 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚፈትሸው ይህንኑ ነው። በሄልሜቱ ውስጥ መለኪያ የተገጠመለት የብረት ጭንቅላት ይደረግና በሐዲድ እየተመራ በብረት መስፍ ላይ ይለቀቃል። ጠፍጣፋ በሆነው መስፍ ላይ የሚወርደው ከ1.83 ሜትር፣ ጫፉ ክብ በሆነው ላይ ደግሞ ከ1.38 ሜትር ነው። አንዱ ቦታ ሁለት ጊዜ ይመታል። መለኪያው ከመሬት ስበት 400 እጥፍ በላይ ካነበበ፣ ወይም ከ200 እጥፍ በላይ ከ2 ሺኛ ሴኮንድ ለበለጠ ጊዜ ከቆየ ሄልሜቱ ወደቀ። ቀጥሎ 3 ኪሎ የሚመዝን ሹል ብረት ከ3 ሜትር ላይ ይጣልበታል፤ ሹሉ ዘልቆ የብረቱን ጭንቅላት ከነካ አሁንም ወደቀ። የአገጩ ማሰሪያ ደግሞ በ136 ኪሎ ክብደት ይጎተታል፤ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለጠጠ አላለፈም። ከነዚህ ሁሉ በፊት ናሙናዎቹ የተወሰኑት በብርድ፣ የተወሰኑት በ50 ዲግሪ ሙቀት፣ የተወሰኑት በውሃ ውስጥ እንዲቆዩ ይደረጋል፤ ሞተረኛ በብርድም በሐሩርም በዝናብም ይወድቃልና።

የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር የይስሙላ ሄልሜቶችን ገዝቶ በዚሁ ፈተና ሲያሳልፋቸው፣ ደረጃው የሚጠይቃቸውን የመከላከል ችሎታዎች ሁሉንም ወይም ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሳያሟሉ ቀሩ። መሥሪያ ቤቱ የደረሰበት መደምደሚያ ግልጽ ነበር፦ እነዚህ ዕቃዎች ከምትም ሆነ ከሚወጋ ነገር አይከላከሉም፤ ማሰሪያዎቻቸውም በአደጋ ጊዜ ሄልሜቱን ራስ ላይ ማቆየት አይችሉም። የመንገድ ላይ መረጃም ከቤተ ሙከራው ጋር ይስማማል። በካሊፎርኒያ ሕጉ ከጸና በኋላ አደጋ የደረሰባቸው ሞተረኞች ሲጠኑ፣ ደረጃውን ያልጠበቀ ሄልሜት ያደረጉት የደረሰባቸው የጭንቅላት ጉዳት ደረጃውን የጠበቀ ካደረጉት የበዛና የከበደ ሆኖ ተገኝቷል። በአንጻሩ ስለ ሄልሜት የተደረጉ በርካታ ጥናቶችን በአንድ ላይ የመዘነው የ2008ቱ የኮክሬን ግምገማ፣ ሄልሜት ማድረግ የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን አደጋ በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የይስሙላ ሄልሜት የሚነግደው እውነተኛው ሄልሜት ባፈራው በዚህ መልካም ስም ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ «ከምንም ይሻላል» የሚለው ነው። በከፊል እውነትነት አለው፤ ቀጭን ላስቲክም ቢሆን ቆዳን ከመላጥና ከትንሽ ጭረት ሊያድን ይችላል። ግን ሄልሜት የሚገዛው ለጭረት አይደለም። አንጎልን ለሚያናውጠው ምት መቆሚያ ርቀት ካልሰጠ፣ ሁለተኛው ምት ሲመጣም ማሰሪያው ተበጥሶ ጥሎት ከሄደ፣ ትርፉ የልብ ኩራት ብቻ ይሆናል። ኩራቱም የራሱ ጉዳት አለው። ባዶ ራሱን የሚነዳ ሰው ባዶ መሆኑን ያውቃል፤ የይስሙላውን ያደረገ ግን የተሸፈነ ይመስለዋል፤ ጉዳዩንም እንደጨረሰ ቆጥሮ ሌላ አይፈልግም። ደግሞም ሞተረኛው ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው በይስሙላውና በባዶ ራስ መካከል አይደለም፤ ገንዘብ ይዞ ሱቅ በር ላይ ሲቆም ከፊቱ ያሉት ሁለት ሄልሜቶች ናቸው። «ለማያውቁሽ ታጠኝ» ይላል የአገራችን ሰው። የይስሙላ ሄልሜት ለትራፊክ ፖሊስ ሊታጠን ይችላል፤ አስፋልት ግን ያውቀዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ይመስላል። ፈተናው የሚደረገው በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ80 ለሚበር ሰው ምን ይፈይዳል? መልሱ በአወዳደቁ ውስጥ ነው። ሞተረኛ ሲወድቅ ጭንቅላቱ ወደ መሬት የሚወርድበት ፍጥነት በአብዛኛው የሚወሰነው ከነበረበት ከፍታ እንጂ ሞተሩ ከሚሄድበት ፍጥነት አይደለም። ወደፊት የሚሄደው ፍጥነት፣ ፊት ለፊት የሚጋጩት ግንብ ወይም ምሰሶ ከሌለ፣ በመንሸራተትና በመንከባለል ያልቃል። ከዚህም በላይ አብዛኛው አደጋ የሚደርሰው ሰው እንደሚገምተው በብርቱ ፍጥነት አይደለም። ሃሪ ኸርት የተባሉት ተመራማሪ በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎችን በደረሱበት ቦታ መርምረው በ1981 ባወጡት ዘገባ፣ በግጭቱ ቅጽበት የነበረው ፍጥነት መካከለኛ ልኬት በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በከተማ መንገድ፣ መገናኛ ላይ መኪና ድንገት ሲታጠፍ የሚደርስ፣ የዘወትር ዓይነት ግጭት ማለት ነው። ማንም ሄልሜት ከጭነት መኪና ሥር የገባን ሰው አድናለሁ አይልም። የሚያድነው በብዛት በሚደርሰው አደጋ ነው።

ሦስተኛው ወገን ወፍራም ሄልሜት አንገት ይሰብራል፣ ጆሮ ይደፍናል፣ ዓይን ይጋርዳል ይላል። የኸርት ዘገባ ይህንንም አንሥቶ ነበር፤ ሄልሜት አንገትን ለጉዳት እንደማያጋልጥ፣ ለመንዳት የሚያስፈልገውን መስማትና ማየትም እንደማይቀንስ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2011 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ከ40 ሺህ በላይ የአደጋ መዝገቦችን አገላብጠው ሲያዩ እንዲያውም ሄልሜት ባደረጉት ላይ የአንገት አጥንት ጉዳት በ22 በመቶ ያነሰ ሆኖ አገኙት። እይታን በተመለከተ ደረጃው ራሱ ከመሐል ወደ ግራም ወደ ቀኝም 105 ዲግሪ ክፍት እንዲሆን ያስገድዳል፤ ሰው አንገቱን ሳያዞር ከዳር የሚያየውን ያህል ማለት ነው። የሙቀቱ ቅሬታ ግን እውነት ነው። ሐሩር በሆነ ከተማ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሞተረኛ ፊትን ጭምር የሚሸፍን ሄልሜት ያስጨንቃል። መፍትሔው ግን ፎሙን ማውጣት አይሆንም። ሞተር ሳይክል እንደ ጉንዳን በሚርመሰመስባት ቬትናም ለሙቀት ተብሎ የተሠራ፣ ፊቱ ክፍት የሆነና ነፋስ ማስገቢያ ያለው፣ ፎሙ ግን በቦታው ያለ ሄልሜት ይመረታል። ፊትን የሚሸፍነው የበለጠ ይከላከላል፤ ጀርመናዊው ተመራማሪ ዲትማር ኦተ ሄልሜቶችን ሲመረምሩ የምቱ አሻራ ሲሶ ያህል ያረፈው አገጭና መንጋጋ አካባቢ ነበር። ሆኖም ደረጃውን የጠበቀ ክፍት ሄልሜትና የይስሙላ ቆብ ለየቅል ናቸው፤ የመጀመሪያው የሚሸፍነውን ክፍል በእርግጥ ይከላከላል።

ቬትናም ሌላም ትምህርት አላት። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 15 ቀን 2007 ጀምሮ በመንገዶቿ ሁሉ ሄልሜት ግዴታ ሆነ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከሞተረኛው ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ራሱን ሸፈነ። ሆስፒታሎች ላይ በተደረገው ጥናትም ሕጉ በጸና በመጀመሪያዎቹ ወራት በአደጋ ተጎድተው ከመጡት መካከል የጭንቅላት ጉዳት ዕድል በ16 በመቶ፣ የሞት ዕድል በ18 በመቶ ቀነሰ። ሕግ ይሠራል ማለት ነው። ግን ከሕጉ ጋር አብሮ ሌላ ነገር መጣ፤ ፎም የሌለው ስስ ላስቲክ ሄልሜት ነኝ ብሎ በየመንገዱ ዳር ይቸበቸብ ጀመር። አሜሪካ ውስጥ ይስሙላውን የወለደው የቄንጠኞች እምቢተኝነት ነበር፤ ቬትናም ውስጥ ድህነትና ጥድፊያ ወለዱት። ሁለቱ አገሮች በሀብትም በባህልም አይገናኙም፤ ውጤቱ ግን አንድ ሆነ፤ በሁለቱም ዘንድ ቁጥጥሩ የቆመው ጭንቅላቱ ተሸፍኗል ወይ ከሚለው ጥያቄ ላይ ነበርና።

አራተኛው ተቃውሞ የኪስ ነገር ነው፤ በቀላሉም የሚታለፍ አይደለም። ሞተር ሳይክሉን በብድር ገዝቶ ዕቃ እያመላለሰ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው የሄልሜት ዋጋ ልዩነት የሳምንት አስቤዛ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ግን የደረጃ ምልክትና ውድ ዋጋ አንድ አለመሆናቸው ነው። «ሞተርሳይክሊስት» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ2005 የተለያዩ ሄልሜቶችን በምት ሲያወዳድር፣ 80 ዶላር ገደማ የሚሸጥ ሄልሜት ብዙ እጥፍ ከሚያወጡት ያነሰ ምት ወደ ጭንቅላት አስተላለፈ። ውድ ሄልሜት ላይ የሚከፈለው ትርፍ ገንዘብ ለክብደት መቅለል፣ ለነፋስ መግቢያ፣ ለቀለምና ለስም ነው። ስለዚህ የድሃ ምርጫ ቀላሉን፣ ጌጥ የሌለውን፣ ግን የተፈተነውን መግዛት ነው። ከዚያ በታች ወርዶ ይስሙላውን መግዛት ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደተባለችው መሆን ነው፤ ለቆብ የወጣው ገንዘብ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ሙሉ በሙሉ የባከነ ነው።

አምስተኛውና ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ምልክቱ ራሱ ይታመናል ወይ የሚለው ነው። መጠራጠሩ ትክክል ነው። በአሜሪካ ሥርዓት ሄልሜቱ ደረጃውን አሟልቷል ብሎ የሚያውጀው አምራቹ ራሱ ነው፤ መንግሥት ከገበያ ናሙና ገዝቶ የሚፈትነው በኋላ ነው። ከጀርባ የሚለጠፈው «ዶት» የሚል ተለጣፊ ደግሞ በሳንቲም የሚታተም ነገር ስለሆነ ለብቻው እየተሸጠ በይስሙላ ሄልሜት ላይ ይለጠፍ ነበር። ይህን ለማክበድ ከ2013 ጀምሮ ምልክቱ «ዶት» ከሚለው በተጨማሪ የደረጃውን ቁጥር 218ን፣ «የተረጋገጠ» የሚለውን ቃል፣ የአምራቹን ስምና ሞዴሉን እንዲይዝ ተደረገ። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 22 የሚከተለው መንገድ ይለያል፤ ሄልሜቱ ገበያ ከመውጣቱ በፊት በሌላ አካል ተፈትኖ ይጸድቃል፤ በምርት ላይም ናሙና ይወሰድበታል። ምልክቱ በክብ ውስጥ ያለ የላቲን «ኢ» ፊደልና ያጸደቀውን አገር የሚያመለክት ቁጥር ነው፤ 1 ጀርመንን፣ 2 ፈረንሳይን፣ 3 ጣሊያንን ያመለክታል። የደንቡ አዲሱ እትም፣ 22.06 የተባለው፣ ሄልሜቱን በሰያፍ መስፍ ላይም ይጥለዋል፤ አንጎልን የሚጎዳው ቀጥተኛ ምት ብቻ ሳይሆን ጭንቅላትን የሚያሽከረክረው ግፊትም መሆኑ ስለታወቀ ነው። ምልክት የሚጭበረበረው ዋጋ ስላለው ነው፤ ስለ ሐሰተኛ ብር ብሎ ብርን የሚጥል እንደሌለ ሁሉ፣ ስለ ሐሰተኛ ተለጣፊ ብሎም ፈተናን መናቅ አያዋጣም። የሚያዋጣው ብሩን አገላብጦ እንደሚያይ ነጋዴ ሄልሜቱን አገላብጦ ማየት ነው።

እጅና ዓይን ደግሞ ብዙ ነገር ይለያሉ። ሄልሜቱን ገልብጦ የውስጡን ጨርቅ በጣት ገለጥ ማድረግ ነው መጀመሪያው፤ ከሥሩ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ ሲጫኑት የማይሰረጉድ ፎም ካልተገኘ ተለጣፊው ምንም ቢል ዕቃው ይስሙላ ነው። ሁለተኛው ሚዛን ነው፤ ደረጃውን የሚያሟላ ሄልሜት ብዙ ጊዜ 1.4 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ ከግማሽ ኪሎ በታች ሆኖ ላባ የመሰለው ውስጡ ምንም የለም ማለት ነው። ሦስተኛው ማሰሪያው ነው፤ ከቅርፊቱ ጋር በጠንካራ ሪቬት የተያያዘ፣ በኃይል ሲጎትቱት የማይላወስ መሆን አለበት። አራተኛው የቅርፊቱ ገጽታ ነው፤ ቀንድ፣ እሾህና ክምር ጌጥ የተተከለበት አይሆንም፤ የአሜሪካው ደረጃ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ የሚወጣ ግትር ነገር አይፈቅድም፤ መሬት ይዞ አንገትን ይጠመዝዛልና። በመጨረሻ ውስጡ የተሰፋውን ወይም የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ነው፤ አምራች፣ ሞዴል፣ መጠን፣ የተመረተበት ወርና ዓመት ይጻፍበታል። የግንባታ ሠራተኛ የሚያደርገው ጠንካራ ቆብም ከዚህ ፈተና አያልፍም። እሱ የተሠራው ከላይ ለሚወድቅ ዕቃ ነው፤ ሞተረኛ ግን የሚወድቀው እሱው ራሱ ነው፤ ምቱም ከጎን፣ ከፊትና ከኋላ ይመጣል።

ጥሩው ሄልሜት ተገዝቶም ሥራው አያልቅም። ፎሙ የሚያድነው አንዴ ነው። አደጋ የደረሰበት ሄልሜት ቅርፊቱ ምንም ሳይሆን ፎሙ ደቆ ሊሆን ይችላል፤ የደቀቀው ቦታ ለሚቀጥለው ምት ባዶ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ሄልሜት ከሰልባጅ መግዛት ታሪኩን የማያውቁትን ዕቃ መግዛት ነው፤ ልብስ ታጥቦ ይለበሳል፣ የደቀቀ ፎም ግን አይታደስም። ልኩም ወሳኝ ነው፤ ማሰሪያው ታስሮ ከኋላ ወደ ፊት ሲገፉት የሚወልቅ ሄልሜት በአደጋ ጊዜም ይወልቃል። ሳይታሰር ራስ ላይ የተጣለ፣ ወይም እጀታው ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት ደግሞ የቱንም ያህል የተፈተነ ይሁን ይስሙላ ሆኗል። ከኋላ የተፈናጠጠው ሰውስ? አስፋልቱ ነጂና ተፈናጣጭ ብሎ አይለይም፤ ለተፈናጣጭ የሚያዘው ሁለተኛ ሄልሜት ግን ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ርካሹ ነው።

ይህ ሁሉ ለኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በብዙ የክልል ከተሞቻችን ሞተር ሳይክል የእንጀራ ገመድ ሆኗል፤ ሰው ያመላልሳል፣ ዕቃ ያደርሳል፣ የጤና ሠራተኛን ገጠር ያደርሳል። በአዲስ አበባም ከ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ በፈቃድ ቢገደብም፣ ዕቃ አድራሾች ከመንገዱ አልጠፉም። ሄልሜት ማድረግ በአገራችንም የሕግ ግዴታ ነው። ግን መንገድ ዳር የሚቆም ተቆጣጣሪ ከሩቅ የሚያየው ቅርፊት ብቻ ነው፤ ፎሙን የሚያየው ዕቃው ገና በመጋዘንና በሱቅ ሳለ የሚፈትሽ ሰው ነው። ቁጥጥሩ ከሞተረኛው ወደ አስመጪው ካልተሻገረ፣ ቅጣቱ የሚያርፈው የተታለለው ላይ ይሆናል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንዲሉ፣ ሄልሜት አድርጉ ብሎ የትኛውን የማይል ቁጥጥር ቅሬታውን የሚሰማው ከድንገተኛ ክፍል ነው። ቀጣሪዎችም ድርሻ አላቸው። የድርጅታቸውን ስምና ቀለም ያተሙበትን ሄልሜት ለሠራተኛ ሲያድሉ፣ ቀለሙን የመረጡትን ያህል ውስጡንም ገልጠው ቢያዩ ብዙ ወጪ አይጠይቃቸውም።

ሁሉም ሄልሜት አንድ ቀን ሊፈተን ይችላል። በትክክል ደረጃውን ያሟላው ሄልሜት ሱቅ ሲደርስ፣ ከእሱ ጋር አብረው የተሠሩ መሰሎቹ በብረት መስፍ ላይ ተጥለዋል፤ በሹል ብረት ተወግተዋል፤ ማሰሪያቸው በ136 ኪሎ ተጎትቷል። ውስጡ የተጻፈችው ትንሽ ጽሑፍ የምትመሰክረው ይህንኑ ነው። የይስሙላው ሄልሜት ግን ማንም ሳይፈትነው ሱቅ ይደርሳል፤ የመጀመሪያው ፈተና የሚጠብቀው ከገዢው ጋር መንገድ ላይ ነው። ሞተረኛው በመደርደሪያው ፊት ቆሞ የሚመርጠው ይህን ነው፦ ፈተናው አስቀድሞ በብረት ጭንቅላት ላይ ያለቀውን፣ ወይስ በእሱ ጭንቅላት ላይ የሚጀመረውን።